ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው

(ለኦጎልቾና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዲስኩር)



ንግግር ሊያደርግ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ዛሬ ይህን ቢጫ ጄሪካን ይዤ መጥቻለሁ። አዲስ አይደለም፤ ከአንድ ቤት ጓዳ የተዋስኩት ነው። እስቲ እዩት። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ አፉ በፌስታል በተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። ታቹ ተሰንጥቆ በቀለጠ ላስቲክ ተለጥፏል። ጣታችሁን ወደ ውስጥ ብታስገቡ ግድግዳው ያዳልጣል። 20 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 20 ኪሎ መሆኑ ነው። ያንን 20 ኪሎ ከቦኖ እስከ ቤት ማን እንደሚሸከመው እዚህ ለተቀመጡት እናቶችና እህቶች እኔ አልነግራቸውም።

ስለ ጤና ብዙ መናገር ይቻል ነበር፤ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ጨጓራ። እኔ ግን ዛሬ ከዚህ ጄሪካን አልርቅም። ምን ውሃ እንደገባበት፣ በምን እንደተቀዳ፣ ለማን እንደተሰጠ ካየን፣ የአንድ ቤት ጤና ብዙውን ክፍል አየን ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ስማችሁ ላንሳ። ሩቅ አገር ያለ ገበሬ «ኦጎልቾ» የሚለውን ስም ቢሰማ በቅድሚያ የሚያስበው ይህችን ከተማ ላይሆን ይችላል። ስንዴውን ነው። አሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2004 ዓ.ም የለቀቀው የዳቦ ስንዴ ዝርያ የእናንተን ከተማ ስም ይዞ ብዙ ማሳ ላይ በቅሏል። አንድ ዝርያ እንዲህ ስም ወጥቶለት ገበሬ እጅ ከመግባቱ በፊት ለዓመታት ይፈተሻል። ዋጉን ይችላል ወይ? ከሄክታር ስንት ኩንታል ይሰጣል? ዱቄቱ ዳቦ ይሆናል ወይ? ሁሉም በቁጥር ይጻፋል። ገበሬውም ዘሩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ መሬቱን አያስነካም።

ዘርን በዚህ ሁሉ ምርመራ የምንቀበል ሰዎች ውሃን ግን «ጠርቷል» ብለን በዓይናችን ፈርደን እንጠጣለን። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ውሃም እንደ ዘር ይመርመር፣ ቁጥሩም ይታወቅ።

አባቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። የሚናገሩት ስለ ወንዝ ነው፤ ሲሻገሩት ቁርጭምጭሚትን እየኮረኮረ ቆይቶ ኋላ ወገብን ይዞ ስለሚሄደው ወንዝ። በስምጥ ሸለቆ ግን ይህ ተረት ሌላ ትርጉም አለው። እዚህ ውሃው የወሰደው ነገር የሚታወቀው ሰው ሲስቅ ነው።

እኔም የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነኝ። ጥርሴን እዩት፤ አላፍርበትም። ወደ ደጋ ወጥቼ ስማር የክፍል ጓደኞቼ «ጥርስህን አትፋቅም እንዴ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ድዴ እስኪደማ ድረስ እፍቀው ነበር። አመድ ሞከርኩ፤ አሸዋ ሞከርኩ። ቡናማው ግን አልለቀቀም፤ የሚለቅም አልነበረም፤ ምክንያቱም ከላይ የተቀባ ሳይሆን ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የገባ ነው። ዛሬም በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲስቁ አፋቸውን በሻሽ ጫፍ ወይም በመዳፋቸው የሚሸፍኑ ልጃገረዶች አያለሁ። ለመታወቂያ ፎቶ ሲነሡ ከንፈራቸውን ገጥመው የሚነሡ ጎረምሶች አያለሁ። እነዚህ ልጆች ንጽሕና አልጎደላቸውም። ጥፋቱ የውሃው ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው የጥፋተኛው ስም ፍሎራይድ ነው።

ፍሎራይድ ምንድን ነው? ከድንጋይ እየሟሟ ወደ ውሃ የሚገባ ማዕድን ነው። የምንኖርበት ሸለቆ በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነው። ጥቁሩ ባልጩት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ፣ ፍል ውሃው ሁሉ የዚያ እሳት ልጅ ነው። ዝናቡ ወደ መሬት ሰርጎ በእነዚህ ድንጋዮች መካከል ረጅም ጊዜ ሲቆይ ፍሎራይዱን እየላሰ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ ከደጋ ምንጭ ውሃ ይልቅ ብዙ ፍሎራይድ አለበት። ከጭላሎና ከባዳ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ፍሎራይዱ ቀላል ነው፤ ወደ ሸለቆው ወለል በወረድን ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ከተርና መቂ ወንዞች የሚመግቡት የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ የሚረባበት፣ ሰው የሚቀዳው ሐይቅ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚወጣው ውሃ የሚደርስበት አቢያታ ግን ጨውና ፍሎራይዱ ተጠራቅሞበት አይጠጣም፤ ጎረቤቱ ሻላም እንዲሁ።

ፍሎራይድ ራሱ መርዝ ነው ብዬ እንድትሸሹት አልፈልግም። ወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው አስቡት። በልኩ ሲሆን ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን ያበላሻል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ወሰን ብሎ ያስቀመጠው በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ መበላሸት ይበዛል። ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ያለውን ውሃ ለዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱም ሊነካ ይችላል። ከ10 በላይ ሲሆን ደግሞ አካልን እስከማሽመድመድ ይደርሳል።

አጥንት የሚነካው በአንድ ቀን አይደለም። በአገራችን ይህን ጉዳት ሐኪሞች በግልጽ ያዩት በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ነው። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነበር። ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ጠንካራ ወጣቶች በግቢው ጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ኖሩ። በ1960ዎቹ ሐኪሞች የሠራተኞቹ ጀርባና አንገት እየደረቀ መሄዱን አስተዋሉ፤ አንዳንዶቹም ነርቫቸው ተጨቁኖ እግራቸው ሰንፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን በስምጥ ሸለቆ ሰፊ ቦታ ላይ አጥንተውታል። ወንጂ የነገረን ቁም ነገር ይህ ነው፤ ጥርስ በልጅነት ይናገራል፣ አጥንት ግን የሚናገረው ከጎለመሱ በኋላ፣ ከረፈደ ነው።

አጥንታችሁን ለመሞከር አሁን አብረን አንድ ነገር እናድርግ። የምትችሉ ተነሡ። ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ጎንበስ ብላችሁ መሬት ንኩ። ቀና በሉ። አገጫችሁን ደረታችሁ ላይ አሳርፉ። አሁን እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉና አጥፋችሁ ማጅራታችሁን ንኩ። ተቀመጡ። እነዚህ ሦስት እንቅስቃሴዎች የጤና ባለሙያዎች አጥንት መድረቁን ለመገመት የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ያቃተው ሁሉ ፍሎራይድ ያዘው ማለት አይደለም፤ እርጅናም፣ ጭነትም፣ የወገብ ሕመምም አለ። ነገር ግን ገና በጉልምስና ዕድሜ ሳለ ለሶላት ሩኩዕ መውረድ ያቃተው፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን መስገድ የተሳነው ሰው በቤታችሁ ካለ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አሳዩት፤ ከየት ውሃ እየጠጣ እንዳደገም ለባለሙያው ንገሩ።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት ልምጣ። ብዙ ሰው «እኛ ውሃ አፍልተን ነው የምንጠጣው» ይለኛል። ማፍላት ጥሩ ነው። ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡ ጀርሞችን ይገድላል። ፍሎራይድ ግን ጀርም አይደለም፤ አይሞትም። ሒሳቡን እንሥራው። 4 ሊትር ውሃ ጣዳችሁ፤ ፈልቶ ፈልቶ 3 ሊትር ቀረ። የተነነው ውሃው ብቻ ነው፤ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ነው። በ4 ሊትር ውስጥ የነበረው አሁን በ3 ሊትር ውስጥ ተጨናንቋል፤ ማለትም እያንዳንዱ ሊትር በሢሶ ያህል ከበደ። በነጠላ ማጥለልም፣ ክሎሪን መጨመርም፣ ማሳደርም ፍሎራይድን አያወጣውም። እንግዲህ ሁለት ጠላት አለን፤ አንዱ በእሳት የሚሞት፣ ሌላው እሳት የማይበግረው። ለእያንዳንዱ መላው ለየብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ቁጥሩን እንወቅ። አጠገብ ላጠገብ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው በጣም ሊለያይ ይችላል፤ የአንዱ ለልጅ የሚሆን፣ የሌላው የማይሆን። ይህን ዓይንም ምላስም አይለዩትም፤ ምርመራ ይለየዋል። ስለዚህ የቀበሌያችሁን የውሃ ኮሚቴ፣ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት «የዚህ ጉድጓድ ፍሎራይድ ስንት ነው? የተለካው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቦኖው ላይ በቀለም ይጻፍ። የስንዴ ዘር ከረጢት ላይ ዝርያው ተጽፎ የለም እንዴ?

ቁጥሩ እስኪታወቅና መፍትሔው እስኪመጣ ድረስ በየቤታችሁ ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር አለ፤ የልጆች ጄሪካን ለዩ። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ቀለሙ የሚወሰነው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በቅሎ ያለቀውን ጥርስ የከበደ ውሃ እንደዚያ አያበላሸውም። ስለዚህ በቤት ውስጥ ያለው የተሻለ ውሃ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእንግዳ ሳይሆን ለሕፃን ነው። ይህ ባህላችንን ትንሽ ይነካል፤ አውቃለሁ። እንግዳ የሚከበርበት አገር ነው። ቢሆንም እንግዳው አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ልጁ ግን በየቀኑ ይጠጣል፤ ጥርሱንም ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል።

ብዙ ውሃ እንዳይመስላችሁ። አንድ ትንሽ ልጅ በቀን 1 ሊትር ያህል ቢጠጣ፣ ሦስት ልጆች በ6 ቀን 18 ሊትር ነው። ይህ አንድ ጄሪካን ነው፤ በሳምንት አንድ ያህል! ለልብስ፣ ለጭቃ ሥራ የጉድጓዱ ውሃ ምንም አይልም። ለልጆቹ መጠጥና ለምግባቸው ግን አንዱን ጄሪካን በቀይ ክር አስራችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ያ የተሻለ ውሃ ከየት ይመጣል? አንዱ ከላይ ነው። ዝናብ ከድንጋይ ጋር አልተዋወቀም፤ ፍሎራይዱ ከቁጥር አይገባም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሊትር ይሆናል። 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሊትር፤ እንደገና አንድ ጄሪካን። ክረምቱን ሙሉ በአሸንዳ ብትቀበሉት 1,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። ሦስቱ ልጆች በቀን 3 ሊትር እየጠጡ 8 ወር በጋ ቢቆጠር 720 ሊትር ነው፤ ሮቶው ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሮቶ መግዛት ለሁሉም ቤት እንደማይቀል አውቃለሁ፤ በዕቁብና በዕድር ግን ከባድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያውን ዝናብ አትያዙ፤ ቆርቆሮውን ይጠብ፣ የወፍ ኩስና አቧራውን ይዞ ይሂድ። የተጠራቀመውንም ከድናችሁ አስቀምጡ፤ ለመጠጥ ስትፈልጉት በማፍላት ወይም በክሎሪን ጀርሙን ግደሉ።

ሁለተኛው የተሻለ መጠጥ የእናት ጡት ነው። እናቲቱ የከበደ ውሃ ብትጠጣ እንኳ ወደ ጡት ወተቷ የሚያልፈው ፍሎራይድ በጣም ጥቂት ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ማለት፣ ስድስት ወር ሙሉ ከጉድጓዱም ከተቅማጡም የተጠበቀ ልጅ ማለት ነው። በጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ የቆርቆሮ ወተት፣ «ጉሮሮው እንዲርስ» ተብሎ የሚሰጥ ውሃ፣ አብሽ፣ ሁሉም ይቆይ። አያቶች እዚህ አላችሁ፤ ምራታችሁን «ልጁ ጠማው» ብላችሁ አታስጨንቋት። ጡት ራሱ ውሃ አለው።

ሦስተኛው ማጣሪያ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሁለት ዓይነት ተሞክሯል። አንዱ ከህንዷ ናልጎንዳ ስሙን ያገኘው፣ ውሃውን በአሉምና በኖራ እያዘቀጡ የማጥራት ዘዴ ነው። ሌላው የከብት አጥንትን አየር በተከለከለ ምድጃ አክስሎ፣ አድቅቆ፣ ውሃን በእሱ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ አጥንት ፍሎራይድን ይስባል፤ የእኛን አጥንት የሚያስጎዳው ይህ ጠባዩ እዚህ ይጠቅመናል። «የምን ከብት አጥንት ነው? በጾም ቀን ይጠጣል ወይ? ሐላል ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አቅራቢው ይመልስ፣ ሼኾችና ቀሳውስትም ይፍረዱበት። እኔ የማሳስበው ሁለት ነገር ነው። አጥንት በየቤታችሁ አቃጥላችሁ ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ አከሳሰሉ ካልተስተካከለ ውሃው ይገማል፣ አይጣራም። የተተከለ ማጣሪያም ሲጠግብ መሥራት ያቆማል፤ ውሃው ግን ጥርት ብሎ መውረዱን አያቆምም። ዳግመኛ የሚለካው ሰው ከሌለ ማጣሪያው ጌጥ ነው።

ጥቂት የማዕድ ነገር ልጨምር። ሻይ ቅጠል ፍሎራይድ ያጠራቅማል፤ ስለዚህ በከበደ ውሃ የተፈላ ሻይ ድርብ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ከሻይ ወተት ይሻላቸዋል። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ፍሎራይድን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል። ወተቱ ሁሉ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት አንድ ኩባያ ለልጁ ይቅር። ልጆቻችሁን በጥርስ ሳሙና ስታስቦርሹ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የምታክል ትብቃ፤ እንዳይውጡትም አስተምሯቸው። መፋቂያ የለመደ በመፋቂያው ይቀጥል። አመድና አሸዋ ግን ይቅር፤ እኔ አይቼዋለሁ፤ ቡናማውን ትቶ ጥርሱን ይበላል።

አሁን በእሳት ወደሚሞተው ጠላት እንምጣ፤ ወደዚህ ጄሪካን ውስጥ። ጣታችሁን ስታስገቡ የሚያዳልጠው ነገር ጀርም የሚኖርበት ሽፋን ነው። ንጹሕ ውሃ ከቦኖ ቀድታችሁ እዚህ ውስጥ ስትገለብጡት ያንን ውሃ አቆሸሻችሁት። ጄሪካን አፉ ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባም። ስለዚህ ጥቂት ደረቅ ጠጠር፣ ሳሙናና ውሃ ጨምራችሁ ናጡት፤ እንደ ቅቤ ናጡት። ደፍታችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲህ ይደረግ። ክዳን ይኑረው፤ ቆረቆንዳ ክዳን አይደለም፤ ዛሬ የታጠበ፣ ነገ መሬት የወደቀ፣ ከነገ ወዲያ ዶሮ የረገጠው ነገር ነው። እንስራ ወይም ባልዲ የምትጠቀሙ ደግሞ ጣሳውን ከነእጃችሁ አትንከሩት፤ ረጅም እጀታ ያለው መቅጃ ይኑራችሁ፣ ወይም እያጋደላችሁ ቅዱ።

ስታፈሉ ድስቱ ጠርዝ ላይ አረፋ ስላያችሁ አታውርዱት፤ እየተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይቆይ። አሰላና ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት፤ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ማገዶ ላጠረው ቤት እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን ጠርሙስ አለ። ለደፈረሰ ውሃ ደግሞ ቢሻን ጋሪ የሚባለው ዱቄት አለ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን አትዝለሉ፤ ጨምራችሁም ወዲያው አትጠጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ።

በዚህ ወረዳ የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ ወንድሞች፤ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። የተባይ መድኃኒት የመጣበት ጄሪካን ጠንካራ ነው፣ ክዳኑም ጥሩ ነው፤ ስለዚህም ቤት ገብቶ ውሃ ሲቀዳበት ይገኛል። በሳሙና ብታጥቡት፣ በአመድ ብትፈትጉት፣ ፕላስቲኩ የጠጣው መርዝ አይለቅም። ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩት፤ ባዶውን ታቹን በሚስማር ብሱት። የተበሳ ጄሪካን ለፈተና አይዳርግም።

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው የሚገድለው የሰውነቱ ውሃ ማለቅ ነው። «ምግብ አይረጋለትም» ብሎ ማስራብ፣ ውሃ መከልከል ክፉ ልማድ ነው። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር የታከመ ውሃ በጥብጡ፤ ግማሽ ከረጢት በግማሽ ሊትር እያላችሁ በግምት አታድርጉት። በማንኪያ፣ ደጋግማችሁ፣ ቢያስመልሰውም ጥቂት ቆይታችሁ ስጡት። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉ። ከጤና ኬላ የታዘዘውን የዚንክ ክኒን ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ጨርሱ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ጄሪካኑንም እኔንም ትታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

በርሜልና ሮቶ ያላችሁ ደግሞ ክደኑት። ኦጎልቾ ቆላ ናት፤ ወባ ታውቃላችሁ፤ ረግረግ ማፋሰስንና አጎበርን ታውቃላችሁ። አሁን ግን አዲስ ዓይነት ትንኝ ወደ አገራችን ገብታለች። በ2009 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪደሃር የተገኘችው ይህች የወባ ትንኝ ረግረግ አያስፈልጋትም፤ በቤት አጠገብ በተቀመጠ በርሜል፣ በገንዳ፣ በተጣለ ጎማ ውስጥ ባለ ጥርት ያለ ውሃ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። ለልጆቻችሁ ያጠራቀማችሁት የዝናብ ውሃ የትንኝ ማሳደጊያ እንዳይሆን ክዳኑ ይጥበቅ፤ ቀዳዳው በወንፊት ጨርቅ ይሸፈን።

በመጨረሻ የማነሣው ከአንድ ቤት አቅም በላይ ስለሆነው ነገር ነው። የልጆች ጄሪካን ለይተን እናስቀምጥ ስል ወረዳውና መንግሥት ይረፉ ማለቴ አይደለም። ትክክለኛው መድኃኒት ቀላሉን የደጋ ውሃ ወደ ከባዱ ቆላ ማውረድ ነው። ይህ ሕልም አይደለም፤ እዚሁ አርሲ ውስጥ ተሠርቷል። በጎረቤታችሁ ሂጦሳ በ1988 ዓ.ም ከባዳ ተራራ ምንጮች ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ተዘርግቶ፣ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ጉልበት ብቻ ውሃ ወደ ቀበሌዎችና ከተሞች ወርዷል። ያስተዳደረውም ተጠቃሚው ራሱ የመረጠው ቦርድ ነው። ከእሱ በፊት በዶዶታ በስዊድን እርዳታ የተሠራው የውሃ ፕሮጀክት ስሙ የተጠራው በሴቶቹ ነው፤ በኮሚቴው የተቀመጡት፣ ቦኖውን የጠበቁት ሴቶች ነበሩ። 20 ኪሎውን የተሸከመች ሴት የቧንቧውን ቁልፍ ስትይዝ ቧንቧው አይደርቅም።

ሀደ ሲንቄዎች፤ እናንተ የሲንቄ በትራችሁን ይዛችሁ ስትወጡ በአርሲ ምድር ጠብ ይቆማል፣ ሰው መንገድ ይለቃል። ያንን በትር አንድ ቀን ስለ ውሃ ይዛችሁት ብትወጡ፣ «የልጆቻችን ውሃ ይለካልን፣ ቁጥሩ ይጻፍልን» ብትሉ፣ ደፍሮ «ቆዩ» የሚላችሁ ባለሥልጣን ያለ አይመስለኝም።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤ ይህን ጄሪካን ለባለቤቷ እመልሳለሁ። ከመመለሴ በፊት በጠጠርና በሳሙና እንጠዋለሁ፤ ክዳንም እገዛለታለሁ። በክዳኑ ላይ ቀይ ክር አስርበታለሁ፤ በቤቷ የ2 ዓመት ልጅ አለች። ያቺ ልጅ ቋሚ ጥርሷ ገና ድዷ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት ቦኖ ላይ ተራ ስትጠብቁ ስለ እሷ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ «የዚህ ውሃ ፍሎራይድ ስንት ነው?» መልስ ካላገኛችሁ በማግስቱም ጠይቁ።